ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ያየሁት የሞት ምድብ

ትዊክንሃም ስታዲየም በአስተናባሪነት የሠራ ሰው ራግቢን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ቢጫ ጃኬትህን ለብሰህ መተላለፊያው አፍ ላይ ትቆማለህ፤ ፊትህ ወደ ተመልካቹ፣ ጀርባህ ወደ ሜዳው። ዞር ብለህ ጨዋታ እንዳታይ ገና በሥልጠናው ዕለት ተነግሮሃል። ቢራ አብዝቶ የሚንገዳገድ፣ ደረጃ ላይ ካልተቀመጥኩ የሚል፣ ልጁ የጠፋበት፣ የአንተ ሥራ እነዚህን መጠበቅ ነው። ጨዋታን ከሰው ፊት ማንበብ የለመድኩት እዚያ ነው። ኳሷን ማን እንደያዘ አላውቅም፤ ማን እንደፈራ ግን አውቃለሁ።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2015 ምሽት (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ ነው) በራግቢ የዓለም ዋንጫ እንግሊዝና ዌልስ ሲገናኙም እንደዚያው ቆሜ ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የዳኛው ፊሽካ ተሰማ፤ ፔናልቲ ለእንግሊዝ። ውጤቱ 28 ለ 25፣ የምትመራው ዌልስ። በራግቢ ፔናልቲህን መትተህ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካሳለፍከው ሦስት ነጥብ ታገኛለህ፤ ሦስት ነጥብ ደግሞ አቻ ያደርጋል። ከፊቴ የነበሩት ነጭ ማልያ ለባሾች ባንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ወዲያው ግማሾቹ እጃቸውን ሰቅለው ጮኹ፣ ግማሾቹ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ከጀርባዬ ምን እንደተወሰነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም።

ዓመታት አልፈውም ያቺ ደቂቃ አልለቀቀችኝም። የእንግሊዝ ደጋፊ ሆኜ አይደለም፤ አይደለሁም። ግን ከዚያ ምሽት በፊት ለወራት፣ በቴሌቪዥንም በሥራ ቦታም፣ ስለዚያ ምድብ ስሰማ የከረምኩት ግምት ሁሉ «ማን ጠንካራ ነው?» በሚል አንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነበር። ያቺ ደቂቃ ስትመጣ ግን የተጠየቀው ሌላ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ዕጣ

ምድብ ሀ ይባል ነበር፤ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያ፣ ዌልስ፣ ፊጂና ኡራጓይ። ከአምስቱ የሚያልፉት ሁለት ናቸው። አዘጋጇ እንግሊዝ ናት፤ ከዌልስ ጨዋታዎች ደግሞ ሁለቱ የተመደቡት ካርዲፍ፣ ዌልስ በገዛ ሜዳዋ። እንዲህ ያለ ምድብ እንዴት ሊፈጠር ቻለ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ የሚገኘው በ2012 መጨረሻ ላይ ነው።

ዕጣው የወጣው ለንደን ውስጥ ዲሴምበር 3 ቀን 2012 ነው፤ ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። አገሮቹ የተደለደሉት በወቅቱ በነበራቸው የዓለም ደረጃ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት በአንድ ቋት፣ ቀጣዮቹ አራት በሁለተኛው፣ ከዚያ በታች ያሉት አራት በሦስተኛው። ለእያንዳንዱ ምድብ ከየቋቱ አንድ አንድ አገር ይደርሰዋል። ከዕጣው ሁለት ቀን በፊት፣ ዲሴምበር 1፣ ዌልስ ካርዲፍ ላይ አውስትራሊያን 12 ለ 9 እየመራች ነበር። በመጨረሻው ደቂቃ ኩርትሊ ቢል የሚባለው አውስትራሊያዊ ዳር ዳሩን ሮጦ መስመሩን አለፈ። ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት) አምስት ነጥብ ነው፤ 14 ለ 12። ዌልስ ያንን ተሸንፋ ወደ ዘጠነኛ ደረጃ ወረደች፣ ሦስተኛው ቋት ውስጥም ገባች። በዚያው ዕለት እንግሊዝ ትዊክንሃም ላይ የዓለም ሻምፒዮኗን ኒውዚላንድን 38 ለ 21 አሸንፋ ነበርና የአገሩ ሰው ሁሉ በደስታ ሰክሮ ካርዲፍ ላይ የሆነውን ልብ ያለው ጥቂት ነው።

እኔን የሚያስቀኝ ግን የአውስትራሊያ ዕጣ ነው። በመጨረሻ ደቂቃ ሮጠው ወደ ሦስተኛው ቋት የጣሏት ዌልስ በሁለት ቀኗ ተመልሳ የራሳቸው ምድብ ውስጥ ገባችባቸው።

በቀጣዩ ዓመት ማርች ዌልስ እንግሊዝን ካርዲፍ ላይ 30 ለ 3 ደቁሳ በየዓመቱ በአውሮፓ የሚካሄደውን የስድስቱን አገሮች ዋንጫ ወሰደች። ሦስተኛ ቋት የሚባል ቡድን እንዳልሆነች ከዕጣው በኋላ አራት ወር ሳይሞላ ታወቀ። ግን ድልድሉ አለቀ፣ ትኬቱም ሊሸጥ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በሻይ ዕረፍት የተሰጠ ግምት

ከእኔ ጋር የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ለንደን ከመጡ የእኔ ዕድሜ ሊሆን ምንም አልቀረው። ራግቢን ከማንም ፈረንጅ በላይ ያውቃሉ፤ በውርርድ ግን አምስት ሳንቲም አያወጡም። ውድድሩ ሊጀመር ሰሞን፣ በሻይ ዕረፍት፣ ምድቡን በናፕኪን ላይ እየጻፉ ይተነትኑልን ነበር። ከቴሌቪዥኑ ተንታኞች የሚለዩት ቀኑን አስቀድመው በመጻፋቸው ነው። የቡድኑን ስም ከመጻፋቸው በፊት መቼና በስንት ቀን ልዩነት እንደሚጫወት ያሰፍራሉ።

ለምሳሌ እንግሊዝ። አራቱንም ጨዋታ የምትጫወተው በሳምንት ወይም በስምንት ቀን ልዩነት ነው፤ ሴፕቴምበር 18፣ 26፣ ኦክቶበር 3፣ 10። ሦስቱ እዚሁ ትዊክንሃም ናቸው። ፊጂ ደግሞ በመክፈቻው ምሽት ከእንግሊዝ ጋር ተፋልማ በአምስተኛው ቀን ከአውስትራሊያ ጋር ካርዲፍ ላይ ትሰለፋለች። ራግቢ የተጫወተ ሰው አምስት ቀን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያልተጫወተ ደግሞ ከጨዋታ በኋላ ተጫዋቾቹ ወደ አውቶቡስ ሲሄዱ አረማመዳቸውን ይይ። ኡራጓይ በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎቿ መካከል አራት ቀን ብቻ ነበራት። ኡራጓይ ከሃያዎቹ አገሮች የመጨረሻዋን ቦታ ይዛ የገባች፣ አብዛኞቹ ልጆቿ ሌላ ሥራ ያላቸው ቡድን ናት፤ ጋሼም እግዜር ይርዳቸው ብለው አለፏት።

ፊጂን ግን አላለፏትም። በ2007 የዓለም ዋንጫ ናንት ላይ ዌልስን 38 ለ 34 አሸንፋ ከምድብ ያስቀረቻት ፊጂ ናት። ታልፋለች ብለው አይደለም፤ «ይቺ ልጅ አታልፍም፣ ግን ማን እንደሚያልፍ የምትወስነው እሷ ልትሆን ትችላለች» ነበር ያሉት። ይህ አነጋገር ያኔ ብዙም አልገባኝም።

በእንግሊዝ ላይ የነበራቸው ጥርጣሬ ከሌላው ሰው ለየት ያለ ነው። በአሰልጣኝ ስቱዋርት ላንካስተር ዘመን እንግሊዝ በስድስቱ አገሮች ውድድር ከ2012 እስከ 2015 አራት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥታለች። የመጨረሻው ከሁሉ ይገርማል፤ ፈረንሳይን 55 ለ 35 አሸንፋ፣ ዋንጫው ግን በነጥብ ልዩነት፣ በስድስት ብቻ፣ ለአየርላንድ ሄደ። ጋሼ ይህን ሲያነሱ ድክመቷን እየነገሩኝ አልነበረም። «ይህ ቡድን ጉልበት አላነሰውም» አሉ። «ሒሳብ ነው ያስቸገረው።» እኛ ሳቅን።

አውስትራሊያን በተመለከተ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በኖቬምበር 2014 እዚሁ ሜዳ ላይ በእንግሊዝ 26 ለ 17 ስትሸነፍ ስክረሟ እንደ አሮጌ አጥር ተገፍቶ ሲወድቅ ያዩ ሰዎች ንቀዋታል። (ስክረም ለማታውቁ፤ ስምንት ስምንት ሰው ተቃቅፎ አንገት ለአንገት ገጥሞ የሚገፋፋበት ነው።) ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ተለውጦ ነበር። ማይክል ቼይካ ቡድኑን ከያዘ በኋላ አርጀንቲናዊውን ማሪዮ ሌዴስማን ለስክረሙ አመጣ። በኤፕሪል 2015 ደግሞ ውጭ አገር የሚጫወቱ አንጋፋዎች፣ 60 ጊዜ ለአገራቸው የተሰለፉ ከሆነ፣ እንዲመለሱ ሕጉ ላላ፤ ማት ጊቶና ድሩ ሚቸል በዚያ በር ገቡ። በኦገስት ኒውዚላንድን ሲድኒ ላይ 27 ለ 19 አሸነፉ። ዴቪድ ፖኮክና ማይክል ሁፐር፣ ሁለቱም መሬት ላይ የወደቀን ኳስ በመንጠቅ የታወቁ፣ አብረው ተሰለፉ። አንድ ቡድን አንድ እንዲህ ያለ ሰው ካገኘ ይበቃዋል ይባላል።

ዌልስ ደግሞ የቁስለኛ ቤት ሆና ነበር። ጆናታን ዴቪስ ቀደም ብሎ በጉልበቱ ጉዳት ቀርቷል። ሴፕቴምበር 5 ቀን ከጣሊያን ጋር ባደረጉት የዝግጅት ጨዋታ፣ በአንዱ ቀን፣ ሊ ሃፍፔኒና ሪስ ዌብ ተጎዱ። ሃፍፔኒ ፔናልቲ መቺያቸው ነው። አጥቂ አጥተህ ልትሸፍን ትችላለህ፤ መቺ ስታጣ ግን የተጋጣሚህ ጥፋት ሁሉ ከቅጣት ያመልጣል። ስለዚህ በየጋዜጣው ዌልስ አበቃላት ተባለ። ጋሼ ብቻ ናፕኪናቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «መቺው ማን እንደሚሆን ሳላይ አልናገርም» አሉ።

መቺው ዳን ቢጋር ሆነ።

ማዕዘኑ

ያን ምሽት ከ80 ሺህ በላይ ሰው ነበር። የራግቢ ደጋፊ እንደ እግር ኳሱ ተለይቶ አይቀመጥም፤ ነጭ የለበሰው የእንግሊዝና ቀይ የለበሰው የዌልስ ደጋፊ ተቀላቅሎ፣ አንዱ የሌላውን ቢራ እያቀበለ ነው የሚያየው። ስለዚህ ለእኔ ንባቡ ቀላል ነበር። አንድ ነገር ሲሆን ከነጮቹ መካከል ቀዮቹ ብቻ ብድግ ይላሉ፣ ወይም ቀዮቹ ብቻ ተጨፍልቀው ይቀራሉ።

ለረዥም ሰዓት የተነሡት ነጮቹ ነበሩ። እንግሊዝ በዕረፍት 16 ለ 9 ትመራ ነበር፤ ከዕረፍት በኋላም ልዩነቱ እስከ አሥር ነጥብ ደርሷል። ቀዮቹ የሚነሡት ቢጋር ሲመታ ብቻ ነበር። ያን ምሽት ስምንት ጊዜ ሞክሮ ስምንቱንም አስገባ፤ 23 ነጥብ በአንድ ሰው እግር። በሁለተኛው አጋማሽ ከዌልስ የኋላ ተጫዋቾች ሦስቱ ተጎድተው ወጡ፤ አንዱ በቃሬዛ። ቦታ የሚሞላ ሰው ስለጠፋ ሎይድ ዊሊያምስ፣ በተፈጥሮው ኳስ አቀባይ የሆነው፣ ክንፍ ላይ ተሰለፈ። ፊት ለፊቴ የነበረ ወፍራም እንግሊዛዊ ይህን ሲያይ ለጓደኛው የሆነ ነገር ብሎ ተሳሳቁ።

በ71ኛው ደቂቃ ያው ቦታው ያልሆነ ቦታ ላይ የቆመው ልጅ በግራ ዳር ሮጦ ኳሷን በእግሩ ወደ መሀል አሻገራት፤ ጋሬዝ ዴቪስ አንሥቶ ቋሚዎቹ ሥር አሳረፋት። 25 እኩል። ወፍራሙ ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቢጋር ከሜዳው አጋማሽ አካባቢ መትቶ 28 አደረገው።

ከዚያ ነው ያ ፔናልቲ የመጣው።

የእንግሊዙ አምበል ክሪስ ሮብሾ ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው ኳሷን ለኦወን ፋረል ሰጥቶ ማስመታት ነው። ማዕዘኑ ቀላል አልነበረም፤ ፋረል ግን ያን ምሽት ብቻ 20 ነጥብ አስገብቷል። ከገባ 28 እኩል። ሁለተኛው ኳሷን ወደ ማዕዘኑ መትቶ ከሜዳ ማስወጣት፣ ከዌልስ መስመር ጥቂት ሜትር ላይ ላይንአውት (ኳሷ ከዳር በሁለቱ ቡድኖች ሰልፍ መሀል የምትወረወርበት) መወርወር፣ ከዚያ ተጋፍቶ አምስት ነጥብ ማግኘት፤ ማለትም ማሸነፍ። ሮብሾ ወደ ማዕዘኑ ጠቆመ። ያየሁት የፊቶች መከፈል ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ የማስታውሳት ግን አንዲት ቀይ የለበሰች ሴት ናት፤ በነጮች መሀል ብቻዋን የተቀመጠች፣ በእናቴ ዕድሜ ያለች። ሮብሾ ሲጠቁም ዓይኗን ጨፈነችና ትንፋሿን ለቀቀች። ፈርታ ይሁን ተገላግላ እስከ ዛሬ መወሰን አልቻልኩም። ከፈራች አምስት ነጥቡን ነው። ከተገላገለች ግን ያ ሁሉ እንግሊዛዊ ያላየውን አይታለች ማለት ነው።

ኳሷ ተወረወረች፤ የሰልፉ ፊት ላይ ያዟት። ዌልሶች ተጋግዘው ገፉና ከነኳሷ ከመስመር አወጧቸው። አበቃ።

ያን ምሽት ወደ ባቡር ጣቢያው የሚሄደውን ሰው እየመራን ቆመን ጋሼ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።» ሁሉም ሰው በማግስቱ በእንግሊዝኛ የጻፈው ይኸንኑ ነበር። እኔ ግን ልቀበለው አልፈለግኩም። ልክ ከሳምንት በፊት፣ ሴፕቴምበር 19፣ ብራይተን ላይ ጃፓን በደቡብ አፍሪካ 32 ለ 29 እየተመራች፣ በመጨረሻው ደቂቃ ፔናልቲ አግኝታ፣ አቻውን ትታ ለድል ሄዳ ነበር። አሰልጣኙ ኤዲ ጆንስ ከላይ ሆኖ ሦስቱን ውሰዱ እያለ ሲጮህ እንደነበር በኋላ ተናግሯል፤ አምበሉ ማይክል ሊች አልሰማም፣ ወይም አልፈለገም። ካርን ሄስኬት ጥጉ ላይ አሳረፈ፤ 34 ለ 32። በራግቢ ታሪክ እንደዚያ ያለ ድንገተኛ ውጤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሊች ቆጡን አወረደ፣ የብብቱም አልወደቀም። አንዱ ጀግና፣ አንዱ ሞኝ የተባለው የአንድ ዓይነት ውሳኔ ውጤት ስለተለያየ ብቻ ከሆነ፣ ስለ ውሳኔው የምናወራው ምንም የለም ማለት ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም አሉኝ። ጋሼ ዝም ሲሉ እያሰቡ ነው።

ሁለት ነጥብ ስንት ነው?

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ድል አራት ነጥብ፣ አቻ ሁለት። አራት ትራይና ከዚያ በላይ ላስቆጠረ አንድ ቦነስ፣ በሰባት ነጥብና ከዚያ በታች ለተሸነፈም አንድ ቦነስ። በዚህ ሒሳብ ደቡብ አፍሪካ በጃፓን ተዋርዳም ሁለት ነጥብ ይዛ ወጥታለች፤ አራት ትራይ አስቆጥራ፣ በሁለት ነጥብ ተሸንፋ። ያ የአንድ አቻ ዋጋ ነው። ጃፓን በበኩሏ ከአራቱ ጨዋታ ሦስቱን አሸንፋ፣ አንድም ቦነስ ሳታገኝ፣ በ12 ነጥብ ሦስተኛ ሆና ተሰናበተች። ሦስት አሸንፎ ከምድብ የወደቀ የመጀመሪያው ቡድን ሆነች። በ14 ያለፈችው ስኮትላንድ ያሸነፈችውም ሦስት ነው።

ወደ ምድብ ሀ ስንመለስ፣ የመጨረሻው ሠንጠረዥ አውስትራሊያ 17፣ ዌልስ 13፣ እንግሊዝ 11፣ ፊጂ 5፣ ኡራጓይ 0 ነበር። አሁን የፋረል ኳስ ገብታ ነበር እንበልና ሌላውን ሁሉ እንዳለ እንተወው። እንግሊዝ በሽንፈቱ ያገኘችው አንድ ቦነስ ወደ ሁለት ያድጋል፤ 12። ዌልስ ያገኘችው አራት ወደ ሁለት ይወርዳል፤ 11። የምታልፈው እንግሊዝ ናት።

ይህን መጀመሪያ በናፕኪን ጀርባ ስደምር ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ያን ምሽት ሮብሾም፣ አጠገቤ የጮኹትም ያሰቡት ይመስለኛል፤ አቻ ብንወጣም ብንሸነፍም አውስትራሊያን ማሸነፍ ግዴታችን ነው፣ ስለዚህ አቻ ምንም አይጠቅምም። ከእንግሊዝ ሠንጠረዥ ብቻ ስታየው ልክ ነው። አቻ ለእንግሊዝ የሚጨምረው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ከዌልስ ላይ ግን ሁለት ይወስዳል። ጠባብ ምድብ ውስጥ የአንተ ነጥብ ግማሽ ወሬ ነው፤ ሌላው ግማሽ የተፎካካሪህ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ነው። ቀይ የለበሰችው ሴት ተገላግላ ከሆነ የተነፈሰችው፣ የራሷን መዝገብ እያየች ነበር።

በእርግጥ «ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢቀር» የሚባለው አይቀርም። ዌልስ ነጥብ ቢጎድላት ኖሮ ኦክቶበር 10 ከአውስትራሊያ ጋር የተጫወተችውን ጨዋታ በሌላ ልብ ትጫወተው ነበር። ያን ዕለት አልፋ ነው ወደ ሜዳ የገባችው፤ ጥያቄው አንደኛ ወይስ ሁለተኛ የሚል ብቻ ነበር። እና ያው ጨዋታ ለሌላ ጽሑፍ የሚበቃ ነው። አውስትራሊያ ሁለት ሰው ለቅጣት ወጥተውባት በ13 ሰው ስትከላከል፣ ዌልስ በ15 ሰው መስመሩ አፍ ላይ ደርሳ ደጋግማ ገፍታ፣ አንዲት ነጥብ አላገኘችም። 12 ለ 6 እያለ በርናርድ ፎሊ መጨረሻ ላይ አንድ ፔናልቲ ጨምሮ 15 ለ 6 አደረገው፤ በስድስት መሸነፍ ቦነስ ነበረው፣ በዘጠኝ የለውም። ለዌልስ ያቺ ነጥብ ያን ቀን ምንም አልነበረችም። በእኔ ናፕኪን ላይ ግን 11ን 12 ታደርጋለች፣ ከእንግሊዝ ጋርም እኩል ታመጣታለች። እርስ በርስ አቻ ስለሆኑ ወደ ልዩነት ይኬድ ነበር፤ በልዩነት ደግሞ እንግሊዝ ትበልጣለች። ደምሬዋለሁ።

ጋሼ አቻን ስንንቅ ሲሰሙ የሚያነሡት ሌላ ነገር አላቸው፤ ጃንዋሪ 2013። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ሻምፒዮኗን ዛምቢያን ሲገጥሙ። ሳላዲን ፔናልቲ አምልጦት፣ በረኛው ጀማል ቀይ ካርድ አይቶ፣ በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1። የለንደን ሐበሻ ያን ምሽት ዋንጫ እንደበላ ሆኖ ነው ያደረው። እንደ ጋሼ አቻ የሚናቀው ማሸነፍ የለመደ ሰው ዘንድ ነው። እኔ ግን ከዚያው ምድብ የማነሣባቸው ዛምቢያን ነው። ዛምቢያ ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጥታ፣ ሳትሸነፍ፣ ከምድብ ወድቃለች። የፍጻሜ ተፋላሚዎቹ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ሁለቱም ከዚያ ምድብ የወጡ ናቸው። እግር ኳስ ላይ አቻ የድል ሲሶ ነው፤ ራግቢ ላይ ግማሽ ነው። ስለዚህ አቻ ይሻላል፣ ድል ይሻላል ተብሎ በደፈናው የሚነገር ነገር የለም። ስንት እንደሚያወጣና ከማን ኪስ እንደሚወጣ ሳይታወቅ አይፈረድም።

ከዚያ በኋላ

ኦክቶበር 3 እንግሊዝ ከአውስትራሊያ ጋር ስትጫወት ሌላ መተላለፊያ ላይ ነበርኩ፤ ያን ምሽት ግን የሚነበብ ብዙ ፊት አልነበረም። ፎሊ ብቻውን 28 ነጥብ አስገብቶ 33 ለ 13 አለቀ። የተሳቀበት የአውስትራሊያ ስክረም እንግሊዝን ገፋ። 2003 ላይ ዋንጫ የበላች አገር፣ ራሷ ባዘጋጀችው ውድድር፣ ገና አንድ ጨዋታ እየቀራት ወደቀች። ሻምፒዮን የነበረ አገር ከምድብ ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነው። ላንካስተር በኖቬምበር ለቀቀ። የተካው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ብራይተን ላይ ሦስቱን ውሰዱ እያለ ሲጮህ የነበረው ኤዲ ጆንስ። በመጀመሪያው ዓመቱ ያንኑ ቡድን በአብዛኛው ያንኑ ሰው ይዞ የስድስቱን አገሮች ውድድር ሳይሸነፍ ጨረሰ። ጉልበት አላነሰውም ማለት ጋሼ ልክ ነበሩ።

ፊጂም እንደተባለላት አላለፈችም። ግን በመክፈቻው ምሽት እንግሊዝ አራተኛውን ትራይ ለማግኘት እስከ መጨረሻው ደቂቃ እንድትታገል አድርጋ ነበር። ዌልስን ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሰው ከተጎዳባት ከአምስት ቀን በኋላ አግኝታ፣ 23 ለ 13 ነው የተሸነፈችው። ዌልስ ያን ቀን ብትሰናከል ኖሮ ስለ ሮብሾ የሚያወራ አይኖርም ነበር። «ማን እንደሚያልፍ የምትወስነው እሷ ልትሆን ትችላለች» ያሉት የገባኝ ያኔ ነው።

የ2027ቱ የዓለም ዋንጫ አውስትራሊያ ላይ ነው፤ በ24 አገር፣ በስድስት ምድብ፣ አራት አራት ሆነው። ከየምድቡ ሁለት ያልፋሉ፣ ከሦስተኞቹ ደግሞ የተሻሉት አራት ይጨመራሉ። ለእኔ ይህ ነገሩን ማላላት ነው። በዚህ አሠራር የ2015ቷ እንግሊዝ በ11 ነጥቧ ምናልባት ታልፍ ነበር፤ የሮብሾም ውሳኔ አንድ ሳምንት ተወርቶ ይረሳ ነበር። ምድብ ማለት የሚያስጨንቅ ሲሆን ነው ምድብ የሚሆነው። ይህን ባለፈው ጊዜ ለጋሼ በስልክ ስነግራቸው አልተስማሙም፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በብዙ ነገር አይስማሙም።

«ሦስተኛ ወጥቶ ማለፍ ምን ነውር አለው?» አሉኝ። «በ2013 እንደዚያ ቢሆን እኛም እናልፍ ነበር።»

«ጋሼ፣ አራተኛ ነው እኮ የወጣነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እሱንም ያሻሽሉታል» አሉ።